ስለ አየር ንብረት ቀውስ ለጎንደር ሰው እንዴት ይነገር? ለአካባቢ ጥበቃ ማኅበራት የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ለሚሠሩ የአካባቢ ጥበቃ ማኅበራት፣ የተማሪ ክበባትና የፕሮጀክት ሠራተኞች ነው። ችግኝ አተካከልም ሆነ የእርከን ሥራ አያስተምርም፤ ያንን የግብርና ባለሙያው ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። እዚህ የምናየው ሰው ጆሮ ሰጥቶ የሚሰማውና ሰምቶም አንድ ነገር የሚያደርግበት መልእክት እንዴት እንደሚዘጋጅ ነው።

አብዛኛው መልእክታችን የሚጻፈው ለገንዘብ ሰጪው ነው። ባነሩ «የአየር ንብረት ለውጥን የሚቋቋም ዘላቂ ልማት በማኅበረሰብ ተሳትፎ» ይላል። ከባነሩ ፊት የተቀመጠው ግን ከዳባት የመጣ የገብስ ገበሬ ነው፤ አጠገቡም ሌሊቱን የቧንቧ ውሃ ስትጠብቅ ያደረች የማራኪ እናት አለች። ሁለቱም በትሕትና አጨብጭበው፣ አበላቸውን ፈርመው ይሄዳሉ።

1ኛ ደረጃ፦ አንድ ጉዳይ ያዙ

የአየር ንብረት ቀውስ እንዳለ ሲነገር ሰው የሚይዘው ነገር የለም። አንድ ጫፉን ያዙ። በጎንደር ዙሪያ ጉዳይ ሞልቷል፦ የከተማዋ የመጠጥ ውሃ፤ በደምቢያ ወባና የጣናን ዳርቻ የወረረው እምቦጭ፤ በወገራና በዳባት የዝናቡ አገባብና አወጣጥ፤ በመተማ የሰሊጥ ማሳ ላይ የቀን ሠራተኛው የሚውልበት ሙቀት፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ዝናብ በቀረባቸው በጃናሞራና በበየዳ የእህልና የከብት መኖ ነገር።

መምረጫው ቀላል ነው። ሰው ሳትጠይቁት የሚያነሳው የትኛውን ነው? ወፍጮ ቤት ተራ ሲጠብቅ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ የሚያማርረው ስለ ምንድን ነው? ያንን ውሰዱ። እናንተ የሚያሳስባችሁ ሌላ ከሆነ በዚያው በኩል ትደርሱበታላችሁ።

2ኛ ደረጃ፦ መንስኤውን በሦስት ክፈሉ

ብዙ ማኅበራት ይህን ደረጃ ይዘሉታል፤ አመኔታም የሚያጡት እዚሁ ላይ ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ አንድም ዓረፍተ ነገር ከመጻፋችሁ በፊት ወረቀት አውጡና ሦስት ዓምድ አስምሩ። በመጀመሪያው ላይ ከዓለም ሙቀት መጨመር የመጣውን፣ በሁለተኛው ላይ ከራሳችን መሬት አያያዝ የመጣውን፣ በሦስተኛው ላይ ከተቋማት አሠራር የመጣውን ጻፉ።

ውሃውን እንውሰድ። ጎንደር የምትጠጣው ከአንገረብ ግድብና ከጉድጓዶች ነው። ግድቡ በደለል እየተሞላ መሆኑ ለዓመታት የታወቀ ነገር ነው። ደለሉ ከየት መጣ? ከግድቡ በላይ ያሉት ተዳፋት ተመንጥረው ታርሰዋል፣ ከብቱ በልቅ ይግጥባቸዋል፣ አፈሩን የሚይዝ ሥር የለም፤ ይህ ሁለተኛው ዓምድ ነው። ሙቀት ሲጨምር አየር ብዙ እርጥበት ስለሚሸከም ዝናብ በሚጥልበት ሰዓት አጥብቆ የመጣል ዕድሉ ከፍ ይላል፤ ራቁቱን ባገኘው ተዳፋት ላይ ደግሞ አፈሩን ጠርጎ ይወርዳል። ከሞቀ ግድብ የሚተነውም ውሃ ይበዛል። እነዚህ በመጀመሪያው ዓምድ ይገባሉ። ሦስተኛው የሚያፈስ መስመር፣ የፓምፕ ብልሽትና የመብራት መቆራረጥ፣ ከሕዝቡ ቁጥር ጋር ያልተራመደ ማስፋፊያና ለዓመታት በግንባታ ላይ የቆየው የመገጭ ግድብ ነው።

አሁን ወረቀቱን እዩት። «በአየር ንብረት ለውጥ ምክንያት ውሃ ጠፋ» ብላችሁ ቢሆን ኖሮ፣ ሰፈሩ ውስጥ ቧንቧ ፈንድቶ ሳምንት ሙሉ ሲፈስ ያየ ሰው ምን ይላችሁ ነበር? ከዚያ በኋላ እውነቱን ብትናገሩም አይሰማችሁም።

በእምቦጭ ላይም እንዲሁ ነው። አረሙ በጣና ላይ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ነው። የሚፋፋው ከማሳና ከከተማ በሚወርድ ማዳበሪያና ፍሳሽ ነው፤ ሙቀት ያግዘዋል እንጂ አያመጣውም። ወባ ግን ለሙቀት የቀረበ ነው፤ ትንኟም፣ በውስጧ ያለው ጥገኛ ተሕዋስም በሙቀት ቶሎ ያድጋሉ፤ ስለዚህ ደጋው ሲሞቅ በሽታው ወደ ላይ መውጣት ይችላል። ያም ሆኖ የአጎበርና የመድኃኒት አቅርቦት በሦስተኛው ዓምድ መጻፍ አለበት።

በመጀመሪያው ዓምድ ላይ በድፍረት ልትጽፉት የምትችሉት ሙቀቱን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ከፍ ብሏል። የዝናቡ መዝገብ ግን እንደ ሙቀቱ አንድ አቅጣጫ አያሳይም፤ ከዓመት ዓመት ይዋዥቃል፣ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ስለዚህ «ዝናቡ ቀንሷል» ብላችሁ በደፈናው አትጻፉ። ዘግይቶ የገባበትን፣ ቀድሞ የወጣበትን፣ በአንድ ቀን ወርዶ ማሳ ያጠበበትን ዓመት ለይታችሁ ጻፉ። ገበሬው የሚያስታውሰውም እንደዚያ ነው።

ሦስተኛውን ዓምድ የሚፈሩ ማኅበራት አሉ። ፍርሃቱ ከድሮው የመጣ ነው፤ በ2001 የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢያቸው ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በመብት ጉዳዮች ላይ እንዳይሠሩ ከልክሎ ነበር። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ያንን ክልከላ አንስቷል። ሕጉ ፈቅዶ ሳለ በራሳችን ላይ የድሮውን ሕግ የምናስፈጽመው እኛው ነን። ቢሆንም ወግ አለው፤ ቅሬታውን አደባባይ ከማውጣታችሁ በፊት ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት በደብዳቤ አሳውቁ፣ የገቢ ደብዳቤ ቁጥርም ያዙ።

3ኛ ደረጃ፦ ትንበያውን በሰው አፍ ተርኩት

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከበጋ፣ ከበልግና ከክረምት በፊት የወቅት ትንበያ ያወጣል። ትንበያው «ይዘንባል» ወይም «አይዘንብም» አይልም፤ ከመደበኛ በታች፣ መደበኛና ከመደበኛ በላይ የመሆንን ዕድል በመቶኛ ያስቀምጣል። ራዲዮ ላይ ሲነበብ የሚቀረው ግን «ዝናቡ ከመደበኛ በታች ይሆናል» የሚለው ብቻ ነው። ዝናቡ ከበዛ ዋሸ የሚባለው ማን ነው? እናንተ።

እንዲህ አድርጉት። ለአንድ አካባቢ ከመደበኛ በታች 45፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በላይ 20 በመቶ ተብሎ ተተንብዮአል እንበል። ሃያ ባቄላ ቁጠሩና ምንጣፉ ላይ ዘርግፉ። «እንደዘንድሮው ያለ ምልክት ሃያ ጊዜ ቢታይ በዘጠኙ ዝናቡ ያንሳል፣ በሰባቱ እንደ ወትሮው ይሆናል፣ በአራቱ ይበዛል» እያላችሁ በሦስት ክምር ለዩት። ከዚያ ዝም በሉ። ከገበሬዎቹ አንዱ ተነሥቶ «እንግዲያው ግማሹን ማሳ ቶሎ በሚደርስ ዘር፣ ግማሹን እንደ ልማዳችን ብናደርግስ?» ይላል። ባይል የግብርና ባለሙያው ይበል፤ የዘር ምክር የእናንተ ሥራ አይደለም።

4ኛ ደረጃ፦ መልእክቱን ጻፉ

መልእክት አራት ነገር ይበቃዋል፦ የሚታይ ችግር፣ እውነተኛ ምክንያት፣ የሚደረግ አንድ ነገር፣ ቀንና ቦታ። የተለመደው አጻጻፋችን ይህን ይመስላል፦

«የአንገረብ ተፋሰስ በአየር ንብረት ለውጥና በሰው ሠራሽ ተጽዕኖዎች ሳቢያ ከፍተኛ የአካባቢ መራቆት የደረሰበት በመሆኑ ሁሉም ባለድርሻ አካላት የድርሻቸውን እንዲወጡ ጥሪ እናቀርባለን።»

ማን ምን ያድርግ? የድርሻውን ይወጣ። ድርሻው ምንድን ነው? አልተጻፈም። ይህንኑ ጉዳይ ለራዲዮ እንዲህ ማድረግ ይቻላል፦

— እትዬ፣ ውሃው መጣ እንዴ?
— መጣና ሄደ ልጄ። ሁለተኛውን ጀሪካን ሳልሞላ ቆመ።
— ክረምቱ ጥሩ ዘንቦ አልነበር?
— ዘንቧል። ግድቡ ውስጥ የውሃውን ቦታ አፈር ይዞበት እኮ ነው።
— አፈሩ ከየት መጣ?
— ከላይ ከተዳፋቱ ነዋ! ዝናቡ እንደ ድሮው ቀስ ብሎ አይጥል፤ አንዴ ይዘረግፈዋል። የሚይዘው እርከን ከሌለ አፈሩ የት ይሂድ?

ከዚህ በኋላ የራዲዮው አንባቢ ይገባል፦ «የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከግድቡ በላይ ባለው ቦረቦር ላይ የድንጋይ ክትር ይሠራል። አካፋ ያለው አካፋ፣ የሌለው ጉልበቱን ይዞ ይምጣ። ቧንቧ የሚፈስበት ሰፈር ካያችሁ ደግሞ ለውሃ አገልግሎቱ ደውሉ።» ሦስቱም ዓምዶች ገብተዋል፤ ሰውም የሚያደርገውን አውቆ ይነሣል። የእርከንና የክትር ሥራ ከመኸር በኋላ፣ በጥርና በየካቲት የሚሠራ ስለሆነ መልእክቱም በዚያ ወቅት ይውጣ።

ለከተማ ሰው የሚደረገው አንድ ነገር የማገዶና የከሰል ቁጠባ ሊሆን ይችላል። ያኔ «ኃይል ቆጣቢ ቴክኖሎጂ ተጠቀሙ» አትበሉ። ምርጥ ምድጃ ወይም ላቀች ምድጃ ብላችሁ በስሙ ጥሩት፣ የትኛው ሱቅ እንደሚሸጥና ዋጋውን ንገሩ። ሴቲቱን የሚያሳምናት ለዓለም ደን የምታደርገው አስተዋጽኦ ሳይሆን በወር ከከሰል የሚተርፋት ብር ነው፤ ይህም ምንም ነውር የለበትም።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ከመሥሪያ ቤታችሁ ውጭ ላለ ሰው አንብቡለት፤ ልብስ ሰፊ ይሁን፣ ጠላ ሻጭ። አንብባችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ «ምን አልኩ?» ብላችሁ ጠይቁት። የሚመልስላችሁ ነው የተጻፈው።

5ኛ ደረጃ፦ ፍርሃቱን መጥኑ

የውጭ አገር ድርጅቶች ሕዝባቸውን ለማንቃት ስለሚጠፋው ዓለም አጥብቀው ይናገራሉ። እነሱ የሚያናግሩት ድርቅን በቴሌቪዥን የሚያይ ሰው ነው። እኛ ዘንድ 1977ን በዓይኑ ያየ አዛውንት ከፊት ወንበር ተቀምጦ ይሰማችኋል። እሱን ስለ ረኃብ ልታስፈራሩት ነው? አደጋውን አትደብቁ፤ ነገር ግን አደጋ በተጠራ ቁጥር የሚደረግ ነገር አብሮ ይጠራ። መውጫ የሌለው ማስፈራሪያ ሰውን ወይ ያስተኛዋል ወይ «እንደ ፈቃዱ ይሁን» አሰኝቶ ይሸኘዋል።

6ኛ ደረጃ፦ ተናጋሪውን ምረጡ

መልእክቱን እናንተው ካልተናገራችሁት የሚቀር አይምሰላችሁ። ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስለ ወባ ስትናገር ሰው ይሰማታል፤ ቤት ለቤት ያውቋታላ። ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዳርቻ ያለ ስካውት፣ ማለት የፓርክ ጠባቂ፣ ስለ ዋልያና ስለ ጓሣው ሣር ሲናገር ይሰማል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ጥሩ ተናጋሪ ነው፤ ለሰንበቴ ግን ሌላ ሰው ፈልጉ።

የሃይማኖት አባቶችን በሚመለከት አንድ ምክር አለኝ። ቄሱን ስለ ካርቦን እንዲሰብክ አትጠይቁት። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ጨምሮ የየደብሩን ቅጥር ግቢ እዩ፤ ጥዱና ወይራው የቆመው ማንም ፕሮጀክት ሳይጽፍለት ነው። አባ ያንን ዛፍ ማን እንደጠበቀው፣ ለምን እንደማይቆረጥ ይንገሩ፤ ከዚያ ወዲያ የእናንተ መልእክት መንገዱ የተጠረገ ነው። አዲስ ዓለም ላይ ደግሞ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሼሁ ስለ ውሃ ብክነት ቢናገሩ ከእናንተ ባነር ይበልጣል።

«ዝናቡ የቀረው በኃጢአታችን ነው» የሚል ሰው ይነሣል። አትከራከሩት። «አባቴ፣ ጸሎቱንም እንጸልይ፤ ተዳፋቱንም እንሥራ» በሉትና ወደ ክትሩ ተመለሱ።

አዝማሪ ከጠራችሁ ግጥም ጽፋችሁ አትስጡት። ጉዳዩን ንገሩት፣ ቦረቦሩን አሳዩት፣ የቀረውን ለእሱ ተዉለት። በኮሚቴ የጸደቀ የአዝማሪ ግጥም ሰምቼ አውቃለሁ፤ ዳግመኛ አልመኝም።

7ኛ ደረጃ፦ ቦታውንና ሰዓቱን አስተካክሉ

ገበሬ በወር በ12 ለሚካኤል፣ በ21 ለማርያም፣ በ27 ለመድኃኔ ዓለም አያርስም። ስብሰባውን በእነዚህ ቀናት፣ ከቅዳሴ በኋላ አድርጉት። በሰኔና በሐምሌ የሥራ ቀን የጠራችሁት ገበሬ ቢመጣም ልቡ ማሳው ላይ ነው። ቅዳሜ ለገበያ የሚመጣውን ሰው ጠዋት ዕቃውን ሳይሸጥ አታቁሙት። ጥር 10 እና 11 ከተማዋ በጥምቀት እንግዳ ትሞላለች፤ ያኔ በፋሲል መዋኛ ዙሪያ ስለ ፕላስቲክ ጠርሙስ አጭር ነገር መናገር ይቻላል፣ ስለ ፓሪሱ የአየር ንብረት ስምምነት ግን አይሆንም።

በፌስቡክና በቴሌግራም ብቻ አትመኩ። በዚህ ክልል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ አይተናል። ኤፍ ኤም ራዲዮ፣ የዕድር ጡሩምባ ነፊ፣ የትምህርት ቤት ሰልፍ፣ በወፍጮ ቤት በር የሚለጠፍ ወረቀት፤ እነዚህ መስመር አይቋረጥባቸውም። ወደ ገጠር መውጣት በማይቻልበት ጊዜ ደግሞ ለገበያ ከሚመጣው ሰው ጋር መልእክት መላክ ከድሮም የነበረ ዘዴ ነው።

8ኛ ደረጃ፦ ፎቶ

የበረዶ ድብ አይለጠፍ። የተሰነጠቀ መሬት ፎቶ ከኢንተርኔት አታውርዱ፤ የሌላ አገር መሆኑን የሚያውቅ ልጅ አይጠፋም። አንድን ቦረቦር ከአንድ መቆሚያ በኅዳርና በቀጣዩ ኅዳር አንሡት፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጉ። የተራበን ሰው ወይም ሕፃን ፊት ለሪፖርት አታውሉ፤ ፈቃዱን ሳትጠይቁ ማንንም አታንሡ፤ ስትጠይቁም ፎቶው የት እንደሚወጣ ንገሩት። በ2011 በሰሜን ተራሮች የተነሣውን ዓይነት የእሳት ፎቶ ስታወጡ ድርቀት እሳቱን እንደሚያባብስ ጻፉ፤ ክብሪቱን ግን ለአየር ንብረት አታሸክሙት።

9ኛ ደረጃ፦ ለሚመጣው ጥያቄ ተዘጋጁ

«ፈረንጅ ባጨሰው እኛ ለምን እንቀጣለን?» ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ስለሆነ በትክክል መልሱት። ነዳጅና የድንጋይ ከሰል በማቃጠል ወደ አየር ከሚለቀቀው የዓለም ካርቦን ዳይኦክሳይድ የመላው አፍሪካ ድርሻ አራት በመቶ ገደማ ነው፤ የኢትዮጵያ ከአንድ በመቶ በታች ነው። ለደረሰው ጉዳት የሚከፈል ፈንድ እንዲቋቋም አገራት የተስማሙት እ.ኤ.አ. በ2022 ነው፤ አዲስ አበባም በጳጉሜን 2017 ሁለተኛውን የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤ ያስተናገደችው በካዮቹ አገራት ያለባቸውን ይህንኑ ዕዳ ለመጠየቅ ጭምር ነው። ይህን በግልጽ ተናግራችሁ ወደ ሁለተኛው ዓምድ እለፉ፦ ዕዳውን እስኪከፍሉን ድረስ የአንገረብ ተዳፋት አይጠብቀንም።

«ከካርቦን ሽያጭ ብር ይገኛል አሉ፤ መቼ ነው?» የካርቦን ሽያጭ የሚባለው ዛፍ ለያዘው ካርቦን የሚከፈል ገንዘብ ነው፤ ውል ያልተፈረመበትን ገንዘብ ግን በጭራሽ አትጥሩ። ላም አለኝ በሰማይ ያሰኛችሁ ዕለት ችግኙንም አብረው ይጠሉታል።

«የመገጭ ግድብ መቼ ያልቃል?» የእናንተ ጥያቄ አይደለም፤ የሚመለከተውን ኃላፊ አስቀድማችሁ ጋብዙና እሱ ይመልስ። ካልመጣ ተጋብዞ እንዳልመጣ ተናገሩ።

10ኛ ደረጃ፦ ተመልሳችሁ ንገሩ

በአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ወቅት ስንት እንደተተከለ ሁሉም ይናገራል። ስንት እንደጸደቀ የሚናገር ከተገኘ ሰው ቆም ብሎ ይሰማዋል። ሐምሌ ላይ ለተከላ የጠራችኋቸውን ሰዎች በኅዳር እዚያው ቦታ ጥሩና አብራችሁ ቁጠሩ። ቁጥሩ ቢያሳፍርም በዚያው ራዲዮ፣ በዚያው ሰዓት አስነግሩት። ስትቆጥሩ ፍየል የበላውን፣ ውሃ ያጣውንና ከነፕላስቲኩ ተተክሎ የታነቀውን ለየብቻ መዝግቡ፤ ለቀጣዩ ሐምሌ መልእክት የምትጽፉት ከዚህ መዝገብ ነው።